ቬፑን መቼ ነው የምትስቡት? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ሁላችንም ቬፕ ስለምንለው ነገር ናቸው። የጻፉልኝ ልጆች አይደሉም። ሥራ የያዙ፣ ትዳር የመሠረቱ፣ ልጅ ያሳደጉ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉውን ለእነሱ ሰጥቼዋለሁ።

ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ነገር ይጠይቁኛል፦ «ቬፕ ይጎዳል ወይስ አይጎዳም?» እኔ ነርስ ነኝ። የምሠራውም ትምባሆ ማቆም ከሚፈልጉ ሰዎች ጋር ነው። ይህን ጥያቄ ሲያነሱብኝ ከመመለሴ በፊት እኔም እጠይቃለሁ። ሲጋራም ታጨሳለህ ወይስ ቬፕ ብቻ ነው? ከቬፑ በፊት ሲጋራ ታጨሺ ነበር? ጠዋት ከነቃችሁ በስንት ደቂቃ ትስባላችሁ? ሌሊትስ? አንድ ዓይነት ዕቃ የያዙ ሁለት ሰዎች ፈጽሞ የተለያየ ነገር እያደረጉ ሊሆን ይችላል። አንዱ በእሱ ከሲጋራ ወጥቷል። ሌላዋ ያልነበረባትን ሱስ ገዝታበታለች። ለሁለቱ እኩል መልስ ብሰጥ አንዱን መበደሌ አይቀርም።

ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። የማንንም ስም አላወጣሁም።

«ሲጋራውም ቬፑም አሉ»

«ሲስተር፣ የ38 ዓመት ሰው ነኝ። ከወጣትነቴ ጀምሮ በቀን አንድ ፓኮ አጨስ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ቬፕ ገዛሁ። አሁን ሲጋራውን ወደ አምስት አውርጄዋለሁ። ጠዋት እንደተነሳሁ አንድ፣ ከሥራ ስወጣ አንድ፣ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ሁለት ሦስት። በቀረው ሰዓት ቬፑን ነው የምስበው። ባለቤቴ ‹ሁለት ሱስ ነው የያዝከው› ትለኛለች። እኔ ደግሞ አብዛኛውን ጉዳት አስወግጃለሁ ባይ ነኝ። ማናችን ነን ልክ?»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ላመስግንህ። ከ20 ሲጋራ ወደ 5 መውረድ ብርታት ይጠይቃል። ከንቱ ድካምም አይደለም። የሳንባ ካንሰር አደጋ ከሚጨሰው መጠንና ከዓመታቱ ብዛት ጋር አብሮ ስለሚጨምር፣ መቀነስህ ለሳንባህ ዋጋ አለው።

ልብና የደም ሥር ግን እንደዚያ አይቆጥሩም። በ2018 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ አንድ ጥናት ብዙ የቀደሙ ጥናቶችን ሰብስቦ አይቶ ነበር። በቀን 1 ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው፣ በቀን 20 የሚያጨሰው ከሚሸከመው ተጨማሪ የልብ ሕመም አደጋ ግማሽ ያህሉን ይሸከማል። በስትሮክም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከ20 ወደ 1 የወረደ ሰው አደጋው ሃያ እጥፍ የቀነሰለት ይመስለዋል። አልቀነሰለትም። ትንሽ የሲጋራ ጭስ ራሱ ደም ቶሎ እንዲረጋ ያደርጋል፣ የደም ሥሩን የውስጥ ግድግዳም ይጎዳል። ይህ ጉዳት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሲጋራዎች ፈጥኖ ይመጣል። ከዚያ በላይ የሚጨሰው የሚጨምረው ቀስ እያለ ነው። ስለዚህ የቀሩህ አምስቱ ለልብህ ጥቂት አይደሉም።

የባለቤትህ ስጋት ልክ ነው። ሱሱ ግን አንድ ነው፤ የኒኮቲን ሱስ። አንተ በሁለት ዕቃ ነው የምታስታግሰው።

እንዳንተ ያለ ሰው ብዙ ነው። በብሪታንያ በ2024 በአዋቂዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ቬፕ ከሚስቡት ከግማሽ በላዩ ሲጋራ ያቆሙ ሰዎች ነበሩ። ከሦስቱ አንድ የሚበልጡት ደግሞ ሁለቱንም የሚያጨሱ ናቸው። ለአንዳንዱ ሰው ይህ የጥቂት ሳምንታት መሸጋገሪያ ነው፤ እሱን አልቃወምም። አንተ ግን ሁለት ዓመት ሞልቶሃል። እዚያው ተቀምጠህበታል ማለት ነው።

ደብዳቤህን የወደድኩት የሲጋራዎችህን ሰዓት ስለጻፍክልኝ ነው። አንድ በአንድ እንያቸው።

የጠዋቱ ከሀራራ የመጣ ነው። ደም ውስጥ ያለው ኒኮቲን በየ2 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ሌሊቱን ተኝተህ ስትነሳ የቀረህ በጣም ጥቂት ነው። ሲጋራ ደግሞ ኒኮቲኑን በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ያደርሳል። ቬፕህ ይህን ካልቻለ እጅህ ወደ ፓኮው ይሄዳል። ስለዚህ የፈሳሹ ጠርሙስ ላይ ያለውን ቁጥር እይልኝ። ብዙ ሰዎች የተጠነቀቁ መስሏቸው በ1 ሚሊሊትር 3 ሚሊግራም ኒኮቲን ያለውን ይገዛሉ። በቀን አንድ ፓኮ ያጨስ ለነበረ ሰው፣ በተለይ በትንሽ ዕቃ ከሆነ፣ ያ አይበቃም። በአውሮፓ ኅብረት የሚፈቀደው ጣሪያ 20 ሚሊግራም ነው። ለጥቂት ጊዜ ከፍ ያለውን ተጠቅመህ ሲጋራውን ጨርሶ ብትተወው እመርጣለሁ። ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል፣ የልብ ምትም ይጨምራል። ካንሰር የሚያመጣው ግን በዋናነት ትምባሆው ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ነው። ሌላም አማራጭ አለ። ቆዳ ላይ ለ24 ሰዓት የሚለጠፈው የኒኮቲን ፕላስተር ሌሊቱን ሙሉ እየሰጠህ ስለሚያድር ጠዋት ባዶህን አትነሳም። ከቬፑ ጋር ስለመጠቀም ሐኪም ወይም ፋርማሲስት አማክር።

ከሥራ ስትወጣ የምታጨሳት የልማድ ናት። በዚያች ሰዓት ስልክ ደውል፣ በሌላ በር ውጣ፣ ቬፑን ሳብ። በሁለት ሳምንት ትለቅሃለች።

የማታዎቹ ይከብዳሉ። አጠገብህ ሰው ሲለኩስ፣ መጠጥም ካለበት፣ ቃል መግባት ብቻውን አያዋጣም። ጓደኞችህን «ብጠይቃችሁ እንኳ እንዳትሰጡኝ» በላቸው። ፓኮ አትግዛ። ላይተርም አትያዝ። ቬፕ ላይተር አይፈልግም።

ከሁሉም በላይ ቀን ቁረጥ። በ2019 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ የወጣ በእንግሊዝ የተሠራ ጥናት ነበር፣ 886 አጫሾች የተሳተፉበት። ገሚሱ ቬፕ፣ ገሚሱ ፕላስተርና ማስቲካን የመሰሉ የኒኮቲን ምትኮች ተሰጣቸው። ከዓመት በኋላ ከቬፕ ተጠቃሚዎቹ 18 በመቶ፣ ከሌሎቹ 9.9 በመቶ ሲጋራ አቁመው ተገኙ። ሰው ይህን ቁጥር ሲጠቅስ አንድ ነገር ይረሳል። ሁሉም የሚያቆሙበትን ቀን ቆርጠው ነበር። ቢያንስ ለአራት ሳምንታትም በየሳምንቱ አማካሪ ያገኙ ነበር። አንተ ቬፑን ገዛህ እንጂ ቀን አልቆረጥክም። በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ አንድ ቀን ምረጥና ለባለቤትህ ንገራት።

«ትራሴ ሥር ነው የሚያድረው»

«ሲስተር፣ 23 ዓመቴ ነው። ሲጋራ በሕይወቴ ነክቼ አላውቅም፣ ሽታው ራሱ ያስጠላኛል። ቬፕ የቀመስኩት ጓደኛዬ አንድ ማታ አቀብላኝ ነው። የፍራፍሬ ጣዕም ነበረው፣ ደስ አለኝ። አሁን ሲያልቅ የሚጣለውን ዓይነት በየሳምንቱ እገዛለሁ። ማታ ትራሴ ሥር ነው የሚያድረው። ሌሊት ስነቃ እስበዋለሁ። ባለፈው አልቆብኝ ግማሽ ቀን ስውል ከሰው ጋር ሁሉ ተጣላሁ። ግን ሲጋራ አይደለም አይደል? ይህ ሱስ ይባላል?»

የኔ እህት፣ አዎ፣ ሱስ ነው። እንደ ፍርድ አትስሚው። የጻፍሽልኝ ነገር ሁሉ ምልክቱ ስለሆነ ነው በግልጽ የምነግርሽ። የኒኮቲን ሱስ መጠን ሲለካ ከሚጠየቁት ዋናዎቹ ሁለቱ «ከነቃሽ በስንት ደቂቃ?» እና «ሌሊት ለመሳብ ትነቂያለሽ?» ናቸው። አንቺ ሳትጠየቂ ሁለተኛውን መለስሽው። ከእንቅልፍ የሚያስነሳ ሱስ ቀላል አይደለም።

እንዴት እዚህ እንደደረስሽ ልንገርሽ፣ ራስሽን ደካማ አድርገሽ እንዳታይ።

ቀድሞ የነበሩት የቬፕ ፈሳሾች ኒኮቲናቸው ሲበዛ ጉሮሮ ያቃጥሉ ነበር። ሰው ያስለውና ይተወዋል። ሰውነት ራሱ «በቃ» ይል ነበር። ከዚያ የኒኮቲን ጨው የሚባለው መጣ። በ2015 ጁል የተባለው ዕቃ አሜሪካ ውስጥ ገበያ ላይ ሲውል፣ ኒኮቲኑን ከቤንዞይክ አሲድ ጋር አዋህዶ ነበር። አሲዱ ማቃጠሉን ይቀንሰዋል። ብዙ ኒኮቲን ያለ ሳል ይገባል። ዛሬ ሲያልቁ የሚጣሉት አብዛኞቹ የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። የፍራፍሬው ጣዕም ሲጨመርበት፣ ሲጋራ የሚያስጠላት ሰው እንኳ የምትሸሽበት ምክንያት አይኖራትም።

መጠኑንም እናስላው። 10 ሚሊሊትር የሚይዝ፣ በሚሊሊትር 50 ሚሊግራም ኒኮቲን ያለው ዕቃ በሆዱ 500 ሚሊግራም ተሸክሟል። አጫሽ ከአንድ ሲጋራ ወደ ሰውነቱ የሚያስገባው ከ1 እስከ 1.5 ሚሊግራም ገደማ ነው። ዕቃው ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ ደምሽ አይገባም። ቢሆንም በእጅሽ የያዝሽው ምን ያህል እንደሆነ ማየት ይገባሻል። ያንቺ ላይ ስንት እንደተጻፈ አንብቢው።

ደግሞም ሲጋራ መጨረሻ አለው። ይለኮሳል፣ ያልቃል፣ ይጠፋል። ቀጣዩን ለማጨስ ውጭ መውጣት፣ ሌላ መለኮስ ያስፈልጋል። ቬፕ መጨረሻ የለውም። ሁለቴ ስበሽ ታስቀምጪዋለሽ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ታነሺዋለሽ። ፊልም እያየሽ፣ እየጻፍሽ፣ አልጋ ላይ ሆነሽ። ስንት እንደሳብሽ አንቺም አታውቂውም። ሲጋራ አጭሰው የማያውቁ ሰዎች ላይ ደጋግሜ የማየው ይህንን ነው።

አንቺ የትልቅ ሕዝብ አካል ነሽ። በአሜሪካ በ2023 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂዎች 6.5 በመቶ ቬፕ ይስቡ ነበር። ከ21 እስከ 24 ዓመት ባሉት ላይ ግን ቁጥሩ 15.5 በመቶ ነው። በ2019 አጠቃላዩ 4.5 በመቶ ነበር። በዕድሜ ከፍ ያሉት ተጠቃሚዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሲጋራ የመጡ ናቸው። ከ18 እስከ 24 ካሉት ወጣቶች አብዛኞቹ ግን ልክ እንዳንቺ ሲጋራ አጭሰው አያውቁም። «ከሲጋራ ይሻላል» የሚለው አባባል ለአጫሽ እውነት ነው። ላንቺ ግን አይሠራም። አንቺ ከሲጋራ አልመጣሽም፤ የመጣሽው ከንጹሕ አየር ነው።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? ከትራሱ ሥር አውጪው። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ሌላ ክፍል ይደር። ሌሊት ስትነቂ ተነስቶ መሄድ ካለብሽ፣ ብዙውን ጊዜ ተመልሰሽ ትተኛለሽ። ይህ ሲለመድ የጠዋቱን የመጀመሪያ መሳብ አዘግዪ። በግማሽ ሰዓት ጀምሪ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ከሥራ በኋላ። ቀጥሎ የመሳቢያ ሰዓት ወስኚ፣ በመሃል ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። ኒኮቲኑን ወደ ዝቅተኛው መቀየር ጥሩ ነው፣ ግን ያለ ሰዓት ገደብ ካደረግሽው ለማካካስ ደጋግመሽ ትስቢያለሽ።

ሙሉ በሙሉ ስታቆሚ ሀራራው በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ናቸው። ብስጭት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሐሳብ መበታተን፣ ረሃብ ይኖራል። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይለቃል። እያንዳንዱ አምሮት የሚቆየው ደቂቃዎችን ነው። ቅርብ ሰዎችሽን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ስትቆጪ ይታገሡሻል።

መድኃኒትም አለ። ቫሬኒክሊን የሚባለው ሲጋራ ለማቆም ለዓመታት ሲታዘዝ የኖረ ነው። በ2025 የታተመ ጥናት ከ16 እስከ 25 ዓመት ባሉ ቬፕ ተጠቃሚዎች ላይ ሞክሮት ነበር። በሕክምናው መጨረሻ መድኃኒቱን ከምክር ጋር ካገኙት 51 በመቶ አቁመው ነበር። ያለ መድኃኒት ምክሩንና የማስመሰያ ክኒን ካገኙት 14 በመቶ። በሐኪም ትዕዛዝ የሚወሰድ ነው። ሄደሽ ጠይቂ፤ «ለቬፕ ብሎ ሐኪም ጋ ይኬዳል እንዴ?» አትበይ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ቬፑ ያለቀብሽ ቀን ሲጋራ ተውሰሽ እንዳትለኩሺ። ብዙ ሰው ወደ ሲጋራ የሚገባው በእንዲህ ዓይነት ቀን ነው።

«ውሃ እኮ ነው ይለኛል»

«ባለቤቴ ሲጋራ ትቶ ቬፕ ጀመረ፤ በዚህ ደስ ብሎኛል። ግን መኝታ ቤት ውስጥ ይስባል። የ2 ዓመት ልጅ አለን። ስናገረው ‹ውሃ እኮ ነው› ይላል። እውነት ውሃ ነው?»

አይደለም፣ እህቴ። ፈሳሹ ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ከሚባሉ ነገሮች የተሠራ ነው። በላዩ ኒኮቲንና የጣዕም ኬሚካል አለበት። ባትሪው ሽቦውን ያግለዋል፣ ፈሳሹ ይተናል። የሚወጣው ደመና እጅግ ደቃቅ ብናኝና ኒኮቲን አለው። ከሚግለው ሽቦና ከብረቱ የሚመጣ ጥቂት ኒኬልና እርሳስም ይገኝበታል። ከሲጋራ ጭስ በጣም ያነሰ ነው። ለሁለት ዓመት ሕፃን ግን ማነሱ አይበቃም። ውጭ ወጥቶ ይሳብ።

እኔን ይበልጥ ያስፈራኝ ጠርሙሱ ነው። 10 ሚሊሊትር የሚይዝ፣ በሚሊሊትር 20 ሚሊግራም ያለው ትንሽ ጠርሙስ 200 ሚሊግራም ኒኮቲን አለው። ሽታው ጣፋጭ ነው፣ ቀለሙ ያምራል፣ ልጅ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። ጥቂት ጠብታ እንኳ ሕፃንን ያስመልሰዋል፣ ያገረጣዋል፣ ያልበዋል። በዛ ካለ ያንቀጠቅጠዋል፣ ትንፋሽም ያሳጣል። ኒኮቲን በቆዳ በኩልም ይገባል። ፈሳሹም ዕቃውም ከፍ ባለና በሚቆለፍ ቦታ ይቀመጥ። ልጁ ከዋጠ ለማስመለስ አትሞክሩ፣ ምልክት እስኪታይም አትጠብቁ፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ቆዳው ላይ ከፈሰሰ ልብሱን አውልቃችሁ በብዙ ውሃ እጠቡት።

ይህን ስትነግሪው በቁጣ አይሁን። ሲጋራ የተወ ሰው ነው። ወደዚያ እንዲመለስ አንገፋውም።

«ያው ነው ካሉኝ ልመለስ ወይ?»

«የ61 ዓመት ሰው ነኝ። ለ40 ዓመት አጭሻለሁ። ዓመት ሆነኝ ቬፕ ብቻ ከያዝኩ፣ ሲጋራ አንድም አልነካሁም። ልጆቼ ‹ቬፕ አሜሪካ ውስጥ ሰው ገድሏል፣ ያው ነው› ይሉኛል። ያው ከሆነ ወደ ለመድኩት ብመለስ ምን አለ? ደግሞ ሲጋራ ከተውኩ ወዲህ ቡና እንቅልፍ ነሣኝ። ድሮ ማታ ጠጥቼ እተኛ ነበር። አሁን ልቤ ይመታል።»

ጋሼ፣ እባክዎ አይመለሱ። ያው አይደለም።

ልጆችዎ የሰሙት የ2019ኙን ነው። እውነት ነው፣ በአሜሪካ ብዙ ሰው በድንገት በሳንባ ጉዳት ሆስፒታል ገብቶ ነበር። እስከ የካቲት 2020 ድረስ 2,807 ሰዎች ታመው 68 ሞተዋል። የብዙዎቹ ሕመም መንስኤ ተገኝቷል። ካናቢስ ባለበት፣ አብዛኛው ከሕጋዊ ገበያ ውጭ በተገዛ ፈሳሽ ውስጥ ቪታሚን ኢ አሲቴት የሚባል ዘይት ተጨምሮ ነበር። ያ ዘይት ሳንባን ይጎዳል። ስለዚህ ካልታወቀ ሰው የተቀላቀለ ፈሳሽ በፍጹም አይግዙ። የእርስዎ ቬፕ ግን ያ አይደለም።

በ2016 የብሪታንያ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ፊዚሽያንስ የቬፕ የረጅም ጊዜ ጉዳት ከሲጋራው 5 በመቶ ያልፋል ተብሎ አይታሰብም ብሎ ነበር። ግምት ነው፤ ብዙ ሐኪሞችም ተከራክረውበታል፤ እኔም ቁጥሩን እንደ ልክ አልይዘውም። የዛሬው ቬፕ ሆን ሊክ በተባለ ቻይናዊ ፋርማሲስት የተፈጠረው በ2003 ነው። የትምባሆ ካንሰር ደግሞ ለመታየት ብዙ ጊዜ ሃያና ሠላሳ ዓመት ይፈጅበታል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2018 ያሉትን ግን ያለ ማመንታት እነግርዎታለሁ። ሲጋራውን ጨርሶ በቬፕ የተካ ሰው ወደ ሰውነቱ የሚገባው መርዝና ካንሰር አምጪ ነገር ይቀንሳል። «ጨርሶ» የሚለውን እርስዎ አድርገውታል።

የቡናው ነገር ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። የሲጋራ ጭስ በጉበት ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ያነቃቃል። ያ ኢንዛይም ካፌይንን ፈጥኖ ያስወግዳል። አጫሽ ማታ ቡና ጠጥቶ የሚተኛው ለዚህ ነው። ይህን የሚያደርገው ኒኮቲን አይደለም፣ ጭሱ ነው፤ ስለዚህ ቬፕ አይተካውም። ሲጋራ በቆመ በቀናት ውስጥ ኢንዛይሙ ይቀዘቅዛል። ያው ስኒ ቡና በደምዎ ውስጥ የሚተወው ካፌይን ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ቡናውን በግማሽ ይቀንሱ፣ ከሰዓት በኋላም ይተዉት። ልብዎ መምታቱ ካልቀነሰ፣ ወይም ደረት መጫን፣ ማዞር፣ ትንፋሽ ማጠር ካለበት ቡና ነው ብለው እንዳይቆዩ፤ ቶሎ ይታዩ።

መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ለሐኪምዎ ሲጋራ ማቆምዎን ይንገሩ። ለአስም የሚሰጠው ቲዮፊሊን፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ክሎዛፒንና ኦላንዛፒን በዚያው ኢንዛይም ነው የሚወገዱት። ሲጋራ ሲቆም መጠናቸው በደም ውስጥ ይጨምራል። አንባቢዎች፣ እነዚህን የሚወስድ ዘመድ ካላችሁ ይህን አንቀጽ አሳዩት።

ቬፑንስ? አንድ ቀን ቢተዉት እወዳለሁ። ከላይ በጠቀስኩት የ2019 ጥናት፣ በቬፕ ሲጋራ ካቆሙት 80 በመቶዎቹ ከዓመት በኋላም ቬፑን ይስቡ ነበር። ስለዚህ በራሱ ጊዜ ይለቀኛል ብለው አይጠብቁ። ግን አይቸኩሉ። አንድ ሲጋራ ቢያቀብሉኝ አልቀበልም ብለው በልበ ሙሉነት ሲናገሩ ይጀምሩ። ኒኮቲኑን በየጥቂት ሳምንቱ አንድ ደረጃ ዝቅ ያድርጉ። የሲጋራ አምሮት ከተነሳብዎ ወደ ነበሩበት ደረጃ ይመለሱ፣ ትንሽ ቆይተው ይቀጥሉ።

«ኒኮቲን የለውም ብለው ሸጡልኝ»

«ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው የምስበው፣ እሱም ዜሮ ኒኮቲን ነው። ችግር አለው?»

በየቀኑ ከሚስብ ሰው ያነሰ ነው። ሆኖም ሁለት ነገር ልብ በል። «ዜሮ» የተባሉ ፈሳሾች ሲመረመሩ ኒኮቲን የተገኘባቸው ጊዜ አለ። ስለዚህ መታወቂያው ያንተ ሰውነት ነው። ሐሙስ ላይ ካማረህ፣ ሰኞ ከተነጫነጭክ፣ መለያ ወረቀቱ የሚለውን ተወው። ኒኮቲን ባይኖረውም ደግሞ የጣዕሙ ኬሚካል ወደ ሳንባ እንዲገባ የተሠራ አይደለም። ለምግብ የተፈቀደ ጣዕም የተፈተነው ለሆድ ነው። አስም ካለህ አትንካው።

«የተቃጠለ ጣዕም»

«አንዳንዴ ስስብ የተቃጠለ ጥጥ የመሰለ ጣዕም ይመጣና ጉሮሮዬን ይይዘኛል። ፈሳሹ ተበላሽቶ ነው?»

ብዙውን ጊዜ ጥጡ ደርቆ ነው። ከሽቦው ዙሪያ ያለው ጥጥ ፈሳሽ ሲያጣ ሽቦው ከልክ በላይ ይግላል፤ ያኔ ፎርማልዴሃይድን የመሰሉ ጎጂ ነገሮች በብዛት ይወጣሉ። «ትንሽ ስስበው ይተወኛል» ብለህ አትቀጥል፣ ወዲያው አቁም። ፈሳሹ ከመስመሩ በታች እንዳይወርድ አድርግ፣ ኃይሉን ኮይሉ (ሽቦውና ጥጡ ያሉበት ክፍል) ላይ ከተጻፈው በላይ አታድርገው፣ በተከታታይም አትሳብ። ጥጡ አንዴ ካረረ አይመለስም፣ ኮይሉን ቀይረው። አዲሱን ካስገባህ በኋላ ፈሳሹን ሞልተህ አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቅ፣ ጥጡ በደንብ ይርጠብ። ሲያልቅ የሚጣለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ያ ጣዕም ማለቁን ነው የሚነግርህ። ባትሪ ስላለው ከሌላ ቆሻሻ ጋር አትጣለው፣ እሳትም ውስጥ አትክተተው።